ስንት ፍሬ ነህ?

ወረታ ላይ «ሆዴን አመመኝ» ያለ ሰው ሐኪም አያጣም። ሐኪሞቹ ግን ነጭ ጋዋን ሳይሆን ጋቢ ነው የለበሱት፤ በእጃቸው የያዙትም ማዳመጫ ሳይሆን ጣሳ ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን ከመገንጠያው ዝቅ ብላ ባለች ጠላ ቤት ተቀምጠን ሳለ ሆዴ ጮኸ። የቤቱ ወሬ ቀጥ አለ።

«ወስፋትህ ጮኸ» አለኝ ባልንጀራዬ፣ የባጃጅ ሹፌሩ።

«ርቦኝ ነው።»

«አንተ ቢርብህ አንተ ትጮህ ነበር። የጮኸው እሱ ነው፤ የራበውም እሱ ነው። አንተ ቤት አከራይ ነህ።»

«ታዲያ ኪራዩን ለምን አይከፍለኝም? ስንት ዓመት አብልቼው ወሮታው ቁርጠት ሆነ።»

«ወረታ ተቀምጠህ ወሮታ ትጠብቃለህ?»

ሳቁ በኔ ላይ ወደቀ። ግን ሹፌሩ ልክ ነው። አማርኛችን ረሃብንና ትልን ወስፋት በሚል ስም አንድ ቤት ያኖራል። ኮሶም እንደዚያው ነው፤ ዛፉ ኮሶ፣ ከአበባው የሚዘጋጀው መድኃኒት ኮሶ፣ መድኃኒቱ የሚያስወጣው ትልም ኮሶ። በሽታውና መድኃኒቱ ሞክሼ በሆኑበት አገር የቱን እንደዋጥን ብንሳሳት ምን ይገርማል?

ጣሳዬን ሳልጨርስ አራት ማዘዣ ደረሰኝ። ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ «ኮሶ» አሉ። የሩዝ ነጋዴው «ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ» አለ። ከፎገራ ሜዳ የመጣው ገበሬ «የከብቱን ክኒን ለሁለት ከፍለህ» አለ። አራተኛው ሰው ከኪሱ በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን አውጥቶ «ይኼ ለሁሉም ዓይነት ትል ነው» አለኝ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ማሸጊያው ጠፍቷል።»

«አንተ ስም የሌለውን ክኒን ዋጥ» አለኝ ሹፌሩ፣ «ስም ያለው መቃብር እኛ እንሠራልሃለን።»

እኔም በኩራት ደረቴን ነፋሁ። «እኔማ ታክሜያለሁ። ባለፈው ወር አንተ ቢልሃርዝያ ተገኘብህ ተብሎ አራት ፍሬ ሲታዘዝልህ ሁለት ሁለት ተካፍለን ዋጥን አይደለም?»

ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። «በአንድ ወንዝ እየታጠብን እንዴት ብቻዬን ልዋጥ?»

ጠላ የምትቀዳልን እማማ እንስራዋን አስቀመጠች። «እሱ ሲዳር አንተም አብረህ ተሞሸርህ?»

«እማማ፣ በጉርሻ ያደገ ሰው ብቻውን አይውጥም።»

«በጉርሻ አጉራሹም ጎራሹም ይጠግባል። በእናንተ ጉርሻ የጠገበው ትሉ ነው።»

ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ያሳፍረኛል።

ሽማግሌው ግን ኮሶአቸውን አልለቀቁም። «እኛ በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥተን ነው ሰው የሆንነው። በዚያን ቀን በር ይዘጋል። እንግዳ ቢመጣ ‹ኮሶ ጠጥቷል› ይባላል፤ ማንም ደግሞ አይጠይቅም።»

«አበዳሪ ሲመጣስ፣ አባባ?»

«አበዳሪ ሲመጣማ በሳምንት ሦስት ጊዜ እንጠጣ ነበር።»

የኮሶ ዝና የሚቀለድበት አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት ጎንደር ሲመጣ ዛፉን በሥዕል፣ መድኃኒትነቱን በጽሑፍ ይዞ ተመልሶ ለአውሮፓ አሳውቋል። ጉዱ ያለው መለኪያው ላይ ነው። ኮሶ በእፍኝ ይለካል፤ የአንዱ እፍኝ የሌላው ጭልፋ ነው። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያዝለፈልፋል፤ ዓይን እስከ መጉዳት እንደሚደርስም ሐኪሞች ጽፈዋል። ነፍሰ ጡር ደግሞ አጠገቡ መድረስ የለባትም።

«አያቴ ኮሶ እየጠጡ ዘጠና ዓመት ኖሩ!» አለ የሩዝ ነጋዴው።

«በኮሶ የሞተው ደግሞ ሊመሰክር አልመጣም» አለች እማማ።

ኮሶ ሲበዛ ቅጣት እንደሚሆን ከጎንደር ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። መኳንንቱ ካሳ ኃይሉን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉት ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎክረው ዘመቱ፤ ተሸንፈው ራሳቸው ተያዙ። ከዚያ በኋላ ያለው ከአፍ አፍ ሲነገር የኖረ ነው፦ ካሳ እናቴ ዛሬ ኮሶው ስላልተሸጠላት እህል አልሸመተችም፣ ቤት ያለው እሱ ብቻ ነውና እራትዎ ይሁን ብለው አስጠጧቸው ይባላል። እኚሁ ካሳ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እኛ ተረበኞች የኮሶውን መልስ የመልሶች ሁሉ አባት እንለዋለን። መድኃኒት ቤት ያለች ልጅ ብትሰማው ግን «ከመጠን በላይ መውሰድ» ብላ በአጭሩ ትመዘግበዋለች።

ተራው የገበሬው ሆነ። «የኔ በሬ በዚያ ክኒን ነው እንዲህ የወፈረው» አለ። የፎገራ ሜዳ ውሃ አዘል ነው፤ ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ከብቱ ረግረግ ውስጥ ይግጣል፣ የጉበት ትል ይዞ ይገባል። ስለዚህ በየገበሬው ቤት ከማረሻና ከቀንበር እኩል የከብት ትል መድኃኒት አይጠፋም።

«ስንት ሚሊግራም ነው?» አለው ሹፌሩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ትልቅ ነው።»

ትልቅ ነው። ለከብት ከሚሸጡት የአልቤንዳዞል ክኒኖች 2500 ሚሊግራም የሆነ አለ። ለአዋቂ ሰው ለወስፋት የሚሰጠው 400 ነው። እንግዲህ አንዱ ክኒን ስድስት ሰው አክሞ ይተርፋል፤ «ለሁለት ከፍለህ» የሚለው የገበሬው ማዘዣም የሦስት ሰው መድኃኒት በአንድ ሆድ ማጎር ነው። የተሠራውም የተመዘነውም ለበሬ ነው። ለዚህም ነው ላሟ ከወሰደች በኋላ ወተቷና ሥጋዋ ለስንት ቀን እንደማይነካ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው።

«በሬ ከሆንክ ዋጠው» አለች እማማ፣ «ነገ ግን ጠላ ቤት አትምጣ፤ እርሻ ይጠብቅሃል።»

ይህ የፎገራ ገበሬ ጥፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኮሮና ጊዜ አሜሪካኖች ለፈረስና ለላም የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን እየገዙ ሲውጡ፣ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ፈረስ አይደላችሁም፣ ላምም አይደላችሁም ብሎ በአደባባይ መከራቸው። መንግሥት ሕዝቡን ሲተርብ ያየሁት ያኔ ነው። አይቨርሜክቲን እኮ በራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም፤ በእኛም አገር በሐኪም መጠን ሲሰጥ የወንዝ ዳር ዕውርነት የሚባለውን በሽታ የሚከላከል ባለውለታ ነው። ባለውለታን ያላገባው ቦታ ካስገቡት ባለጋራ ይሆናል።

በማግስቱ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ ከምላሷ በፊት ዓይኗ ይጠይቃል።

«የትል መድኃኒት ስጪኝ፣ እህቴ።»

«የየትኛው ትል?»

«ትል ትል ነው፤ ምን ይመረጣል?»

«እርስዎ መኪና መኪና ነው ብለው ይሳፈራሉ? እዚህ መገንጠያ ላይ ባገኙት ከገቡ ባሕር ዳር ሊሄዱ ወጥተው ደብረ ታቦር ያድራሉ።»

ተሸነፍኩ። ወረታ ቆሞ መንገድ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው መልስ የለውም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ለካ ትሉም አገባቡ ለየቅል ነው። ወስፋት ባልታጠበ እጅና አትክልት በአፍ ይገባል፤ መንጠቆ ትል በባዶ እግር። ለሁለቱም አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም አንድ ፍሬ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ላለ ሕፃን ግማሹ። የኮሶ ትል ከጥሬ ሥጋ ጋር ይመጣል፤ መድኃኒቱ ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል ነው። ቢልሃርዝያ በውሃ ውስጥ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ሆኖ መጠኑ በሰውየው ክብደት ይሰላል። እኛ «ትል» እያልን የምንጠራቸው አሜባና ጃርድያ ደግሞ ትልም አይደሉም፤ የእነሱ መድኃኒት ሌላ ነው።

«አኝኬ ነው የምውጠው?»

«አልቤንዳዞልን ያኝኩት። ኒክሎሳማይድን በደንብ አድቅቀው ያኝኩት። ፕራዚኳንቴልን ግን እንዳያኝኩ፤ በጣም ይመራል፣ ያስመልስዎታል። በብዙ ውሃ ቶሎ ይዋጥ።»

«ማኘክና መዋጥ ለመለየት ነው ዲግሪ የያዝሽው?»

«ጥርስ አለኝ ብሎ ሁሉን የሚያኝክ ሰው እንዳለ ስላወቁ ነው ያስተማሩኝ።»

ሁለት ለዜሮ። ልረታት ብዬ «ለባለቤቴም ጨምሪልኝ፤ ነፍሰ ጡር ናት» አልኳት።

«ስንተኛ ወሯ ነው?»

ጣቴን መቁጠር ጀመርኩ።

«አይቁጠሩ፤ ይዘዋት ይምጡ። ሆድ በውክልና አይታከምም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እነዚህን መድኃኒቶች ዝም ብለን አንሰጥም፤ ከዚያ በኋላም የእርግዝና ክትትል የሚያደርግላት ባለሙያ አይቶ ነው። እርስዎስ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? የቲቢ?»

«ቲቢ ምን አገናኘው ከሆድ?»

«ሆድና ሳንባ ጎረቤት ናቸው፣ መድኃኒቶቻቸው ግን ይጣላሉ። ሪፋምፒሲን ፕራዚኳንቴልን ከደም ውስጥ ቶሎ ያስወጣዋል፤ ከአንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ጋር እንዲሁ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ሳይናገር እንዳይውጥ። በሉ፣ መጀመሪያ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ።»

ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ተሰጠኝ። ድሮ በክብሪት ቀፎ ነበር የሚኬደው፤ ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው። ግን እኔን የሚያህል ሰው ይህን ይዞ በገበያ መሀል?

«ያሳፍራል እኮ፣ እህቴ።»

«ሆድዎ ውስጥ ይዘውት ሲዞሩ አላፈሩ፣ በእጅዎ ሲይዙት ያፍራሉ?»

ሦስት ለዜሮ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ተረት እኔ በብልቃጥ ተረዳሁት።

ውጤቱ ወጣ። አጉሊ መነጽሩ ስር የታየው የቢልሃርዝያ እንቁላል ነው፤ በጎኑ እሾህ የመሰለ ነገር ያለው። ወስፋቴ ጮኸ ስትሉኝ የነበራችሁ ሁሉ፣ የጮኸው ሌላ ነው! ያ «ለሁሉም ዓይነት ትል» የተባለው ክኒን አልቤንዳዞል እንኳ ቢሆን ቢልሃርዝያን አይገድልልኝም ነበር።

ይህን ትል ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው በፈረንጆች 1851 ካይሮ ላይ ያገኘው። ሰው ስሙን ለልጁ ያወርሳል፤ እሱ ለበሽታ አወረሰ። የትሉ አኗኗር ደግሞ የደላላ ነው። በሰገራ የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባና ይራባል፤ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመ እግር ያገኛል። ሰው ቆዳው መበሳቱን ሳያውቅ ከወንዝ ይመለሳል። ትሉ የደም ሥር ውስጥ ተደላድሎ ለዓመታት ይኖራል፤ እንቁላሉ አንጀትና ጉበት ይጎዳል።

በፎገራ ደግሞ ውሃውን መሸሽ ቀላል አይደለም። ሩዝ በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ወደዚህ ሜዳ ከገባ ወዲህ ረግረጉ ወርቅ ሆኗል። አረሙ የሚታረመው ጎንበስ ተብሎ፣ እግር ውሃና ጭቃ ውስጥ ሆኖ ነው። ልጆች ወንዝ ይዋኛሉ፣ እናቶች ወንዝ ያጥባሉ፣ ጣና ዳር ዓሣ አጥማጁ ውሃ ውስጥ ይውላል።

ዜናውን ይዤ ጠላ ቤት ስመለስ ገበሬው ምርጫ አቀረበ። «እንዶድ ጠጣ! እንዶድ ቢልሃርዝያን ይገድላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ስለ እንዶድ የሰማው መሠረት አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች 1964 ዐድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። ሳሙና ነው የተባለው ፍሬ ቀንድ አውጣ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። በዚያው አቆጣጠር በ1989 ከባልደረባው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙበት። ግን እንዶዱ የሚገባው ውሃው ውስጥ ነው፤ የሚገድለውም ደላላውን ነው።

«እንዶድ ልጠጣ? እኔ ቀንድ አውጣ ነኝ?»

«በሚስትህ ፊት ቀንድህን እንደምትሰበስበው ከሆነ…» አለ ሹፌሩ።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ቀልዱን እንተወውና እንዶድ ሲጠጣ መርዝ ነው።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ልብሴን ላውልቅ አልኩ፤ «ጃኬትዎን ብቻ» አለችኝ። 60 ኪሎ። በኪሎ 40 ሚሊግራም ሲባዛ 2400፤ አንዱ ፍሬ 600 ስለሆነ አራት ፍሬ። የአንደኛ ክፍል ማባዛት ነው፤ ሁለት ጎልማሶች ግን ባለፈው ወር አልቻልነውም።

አንገቴን ሰበር አድርጌ ጠየቅኋት። «ባለፈው ወር ሁለት ውጬ ነበር። አሁን የቀረኝን ሁለት ልውሰድ?»

«ዕቁብ ነው እንዴ፣ ግማሹን ባለፈው ወር ጥለው ግማሹን ዛሬ የሚጥሉት? ያለፈው አልፏል፤ አሁን ሙሉውን እንደ አዲስ፣ ዛሬውኑ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያካፈሉት ሰውዬስ?»

«ባጃጅ እየነዳ ነው።»

«እሱንም ይላኩልኝ። ሁለት ሰው ግማሽ ግማሽ ታክሞ ትሎቹ ሙሉ ሙሉ ቀርተዋል።»

ከካርቶኑ ላይ ስትቆርጥልኝ ቀኑ የተጻፈበትን ጫፍ አላስቀረችብኝም፤ አሳየችኝ። የሚያበቃበትን ቀን መቁጠር ልማዴ አልነበረም። ወተት ሲሆን አሸትታለሁ፣ ክኒን ሲሆን ግን ዓይኔን ጨፍኜ እውጣለሁ።

«በባዶ ሆድ ነው አይደል?» አልኳት፤ ኮሶ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው ብዬ።

«ምሳ ከበሉ በኋላ።»

«ጾም ነው።»

«እስኪፈታ ይቆዩና ሲበሉ ይዋጡ። መድኃኒቱ ሽሮ ይበቃዋል፤ ክትፎ አልጠየቀም። ክትፎ ያመጣው ትል ሌላ ነው። ከዋጡ በኋላ ሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞር ሊኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይተዋል። ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነትን ሽፍ ካደረገ ግን ነገ አይበሉ፤ ወዲያው ወደ ሐኪም።»

ሹፌሩም በተራው ሄዶ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ምን አለችህ?»

«ዛሬም ነገም ባጃጅ እንዳትነዳ፣ ያዞርሃል አለችኝ። ታዲያ ምን ልበላ ነው?»

«መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ተብሎ የለ? እኔ ጋ ብላ» አለች እማማ። ከዚያ ጣሳ ሊያነሣ ሲል እጁን ያዘችው። «ዛሬ አይቀዳልህም።»

እማማ ገበያዋን በገዛ እጇ ስትዘጋ ያየሁት ይህ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ደንበኛዋ አሜባ ተብሎ ሜትሮኒዳዞል፣ ሰው ፍላጂል የሚለውን፣ ይዞ መጣ። ክኒኑን በጠላ ሊያወርድ አፉን ከፈተ፤ ጣሳውን ከከንፈሩ ላይ ነጠቀችው። እሱም ሆነ ቲኒዳዞል ከጠላ፣ ከአረቄና ከቢራ ጋር አይስማማም፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ልብ ማስመታትና ፊት ማቃጠል ያስከትላል ተብሎ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ ሦስት ቀን መታገስ ይሻላል።

«እማማ፣ የራስሽን ገበያ ታበላሺያለሽ?» አላት ያኔ ሰውዬው።

«አንድ ሳምንት ደንበኛ ባጣ ይሻለኛል፤ አርባህን ቆጥሬ ጠላ በነጻ ከማድል።»

ነጋዴ ማለት እሷ ናት።

ገበሬው ግን አልተዋጠለትም። «እኔ ያንን የቢልሃርዝያ አምና ወስጄዋለሁ። አይሠራም፤ ዘንድሮም ተገኘብኝ።»

«ስንት ፍሬ ወሰድክ?»

«ሙሉውን፣ ተመዝኜ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አረም ስለደረሰ ውሃ ውስጥ ገባሁ።»

«መድኃኒቱ እኮ ሠርቷል» አለ ሹፌሩ፣ «አንተ ነህ እንደገና ያሠራኸው።»

ክኒኑ ያለውን ይገድላል እንጂ የሚመጣውን አያግድም። ገና ያልጎለመሰ ትል ደግሞ ከክኒኑ ሊያመልጥ ስለሚችል አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ መመርመርና መውሰድ ያስፈልጋል። ሽንት ቤት ካልተቆፈረ፣ የመታጠቢያ ውሃ ካልተቀየረ፣ ገበሬው ቦቲ ጫማ ካላገኘ፣ በክረምት የገባውን በበጋ እያስወጣን ዘመን መቁጠር ነው። ያየሁት ያልታደለ ነገር ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ከትሉ ጋር ይታገላል፣ እኛ ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር።

ለልጆች ግን ነገሩ ከእኛ ይሻላል። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. አገር አቀፍ የተማሪዎች ትል ማስወገጃ ዘመቻ ከጀመረ ወዲህ ልጆች በሰልፍ ቆመው ይውጣሉ። የእህቴን ልጅ ትምህርት ቤት ላደርስ ሄጄ ሰልፉን አገኘሁት። ሚዛን የለም፤ መለኪያው የቆመ እንጨት ነው፣ በላዩ መስመር መስመር ተሰምሯል። ልጁ ከእንጨቱ አጠገብ ይቆማል፤ ራሱ የደረሰበት መስመር የፕራዚኳንቴሉን ፍሬ ብዛት ይናገራል። ከ94 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ሕፃን በዚህ እንጨት አይታደልለትም። ከ94 እስከ 110 አንድ ፍሬ፤ ከ110 እስከ 125 አንድ ተኩል፤ ከ125 እስከ 138 ሁለት።

«አንድ ፍሬ ልጅ» የምንለው ለካ ልኬት አለው።

ሰልፉ ዳር አንዲት እናት ትንሹን ልጇን አፍንጫውን ይዛ ክኒን ልታጎርሰው ትታገላለች። ልጁ ያለቅሳል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሮጣ መጣች። «እታለም፣ ልቀቂው! ቅቤ አይደለም የምታንቆሪው።»

«ካልያዝኩት አይውጥም!»

«እያለቀሰ ከገባ ወደ ሳንባው ይሄዳል፤ ታንቂዋለሽ። ዝም ይበል። የሚታኘከውን አልቤንዳዞል ለትንሽ ልጅ ፈጭተን በውሃ እንሰጠዋለን። እምቢ ካለም ሌላ ቀን አለ፤ ሌላ ልጅ ግን የለሽም።»

እናትየው እጇን አነሣች። ዙሪያው ዝም አለ። ተረብ ያስቃል ያለው ማን ነው?

የእህቴ ልጅ ተራዋ ደርሶ ተለካች። 130። ሁለት ፍሬዋን ተቀብላ በውሃ ዋጠች፣ ፊቷን እንደ ሎሚ ጨመቀችና እኔን ለማስደነቅ አፏን ከፍታ ባዶነቱን አሳየችኝ።

«ጎበዝ፣ የኔ አንድ ፍሬ» አልኳት።

«አጎቴ፣ እኔ ሁለት ፍሬ ነኝ። አንተስ ስንት ፍሬ ነህ?»

ሰው ይስቅብኛል ሳልል ከእንጨቱ አጠገብ ቆምኩ። ተንጠራራሁ። ከኋላዬ ያሉት ልጆች «ተረከዙን አነሣ!» ብለው ጮሁ። ተረከዜን አወረድኩ። ከ160 እስከ 178 መሀል፤ አራት ፍሬ። ሚዛኑም እንጨቱም ሳይመካከሩ አንድ ቃል ተናገሩ።

እኔ ዕድሜ ልኬን በምላስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠላ ቤት ያልረታሁት የለም፤ ባለሥልጣን ረትቻለሁ፣ ደላላ ረትቻለሁ። በዚህ ሳምንት ግን ምላሴ ምንም ያላደረገው አንድ ባላጋራ ገጠመኝ። ትል ጆሮ የለውም። «ሁለት ፍሬ ውጬልሃለሁ» ብለው አይሰማም፤ የሚያውቀው የደረሰበትን ሚሊግራም ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ሙሉውን፤ ከባጃጁ ሹፌር ጋር መካፈላችንን፣ ሁለት ሁለት መዋጣችንን፣ ብልቃጡን፣ ሚዛኑን። ታሪኬን ሰምታ እንድታደንቀኝ ነበር። እሷ ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ አሰበች።

«ባለፈው ወር ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የዋጥከው?»

«አዎ።»

«ያ ጓደኛህም ሁለት?»

«እሱም ሁለት።»

እጄን ይዛ ወደ ሰልፉ ጎተተችኝ።

«ና እንግዲህ እኔ ክፍል ግባ፣ እኩያዬ ነህ። ጓደኛህንም ጥራው፤ ዴስኩ ለሦስት ነው።»